በፒክአፑ ወለል ላይ የታሰረው እንቅልፍ

ነገር ነገርን ይጎትታል። ይህን ሁሉ ነገር ጎትቶ ያመጣው የአንዲት ሴት እንቅልፍ ነው፤ እሱም ከአንድ ቀትር የማይበልጥ።

ሴትየዋ ወይዘሮ ዘርትሁን ይባላሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ አራት ነው። ሾላ መገንጠያ በምትባል የቆላ ከተማ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ይዘው ሃያ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ከጡታቸው ተነሥቶ ጀርባ አጥንታቸው ውስጥ የገባው ካንሰር ጋደም ማለትን ከከለከላቸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ፣ ግድግዳ ተደግፈው ያነጋሉ። ግንባራቸውን የሚያሳርፉበት የልስኑ ቦታ ወዝቶ ጠቁሯል።

"ምን ላምጣልሽ እትዬ?" አላቸው ታናሽ ወንድማቸው መንበሩ። የጤና ጣቢያው ፒክአፕ ሾፌር ነው።

"ምንም አልፈልግ። በግራ ጎኔ ጋደም ብዬ አንድ እንቅልፍ ብቻ። እንቅልፍ እንኳ ለዚያ ውሻ ተርፎታል፤ አትሰማውም ሲያንኮራፋ?"

ጤና ጣቢያው ያለውን ማስታገሻ ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል። ሕመሙ ግን ያለ ዋናው መድኃኒት አልሄድም አለ። ወይዘሮ ዘርትሁንም እንደ ተቀመጡ ናቸው።

መድኃኒቱ ሞርፊን የሚባል ሽሮፕ ነው፤ ያለው ሰማንያ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ሆስፒታል ነው። መንበሩ ማዘዣውን ይዞ ሄደ። የመድኃኒት ክፍሉን የያዘችው ወይዘሪት ሐመልማል ማዘዣውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"በምንድነው የምትወስደው?"

"በመኪና ነዋ።"

"መኪናው ውስጥ በምን?"

መንበሩ የያዘውን ፌስታል አሳያት።

"ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ጠፍቶብኛል" አለችው። "ሁለቱንም ጊዜ በፌስታል፣ ከሾፌሩ እግር ሥር ነበር። ከእንግዲህ ከመኪናው ወለል ጋር የታሰረ፣ የሚቆለፍ ካዝና ከሌለ አንድ ጠርሙስ አላስወጣም። ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንዱ እዚህ እኔ ዘንድ፣ አንዱ እዚያ የጤና ጣቢያው ነርስ ዘንድ።"

"እኔስ?"

"አንተ ትነዳለህ።"

"እህቴ እኮ ናት።"

"ገብቶኛል። ያለፈው የጠፋው ደግሞ ለአንድ ሰው እናት የተላከ ነበር።"

መድኃኒቱ ያለ ካዝና አልሳፈርም አለ፤ ሕመሙ ያለ መድኃኒት አልሄድም አለ። ወይዘሮ ዘርትሁንም እንደ ተቀመጡ ናቸው።

መንበሩ ተመልሶ የከተማው መካኒክ ወደሆነው ወደ ሸምሱ ጋራዥ ሄደ። ሦስት ካዝና አዩ። የመጀመሪያው ከገበያ የመጣ አዲስ የላሜራ ሣጥን ነው፤ ቀለሙ ፊት ያሳያል። ሸምሱ እያወራ በካቻቪቴ ክዳኑን ፈንቅሎ መልሶ ሰጠው፤ ወሬውንም አላቋረጠም። ሁለተኛው የድሮ የእህል መጋዘን ካዝና ነበር፤ አራት ሰው ይዞ ንቅንቅ አላደረገውም።

"ይኼን ከወሰድህ መኪናህን ነው ካዝናው ውስጥ የምታስገባው" አለ ሸምሱ።

"ሦስተኛውስ የታለ?"

"ተነሣማ። ተቀምጠህበታል።"

ድሮ ደብዳቤ ያመላልስ ከነበረ መኪና የተነቀለ ነው። ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ልክ የሚገባ። ሸምሱ ከፍቶ ወለሉን አሳየው፤ አራት ቀዳዳ አለው።

"ብሎኑ የሚታሰረው ከውስጥ ነው። ሳይከፍት የሚፈታው የለም። የከፈተ ሰው ደግሞ ምን ያስፈታዋል?"

ቁልፉ ሁለት ነበር። ፖስታ ቤት አንዱን ከላኪው፣ አንዱን ከተቀባዩ ዘንድ ያስቀምጥ ነበርና ሾፌሩ ቁልፍ አይዝም።

"ያኔም ሾፌር አይታመንም ነበር ማለት ነው" አለ መንበሩ።

"ሾፌሩማ ይታመናል። የማይታመነው መንገዱ ነው።"

ሸምሱ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ድምፁ ጆሮን አልፎ ደረት ውስጥ ገባ። 

"በል እንጫነው" አለ መንበሩ።

"ምን ላይ? የመኪናህ ወለል ስስ ነው። አራት ብሎን ከሥር ካለው ወፍራም ብረት ጋር ካላሰረው፣ ሌባ መክፈት አያስፈልገውም፤ አንሥቶት ይሄዳል።"

ካዝናው ያለ ብሎን አልቀመጥም አለ፤ መድኃኒቱ ያለ ካዝና አልሳፈርም አለ፤ ሕመሙ ያለ መድኃኒት አልሄድም አለ። ወይዘሮ ዘርትሁንም እንደ ተቀመጡ ናቸው።

ብሎን ተገኘ። አራት፣ እያንዳንዱ የጣት ውፍረት ያለው፣ ከነዳዶው። ብሎኑ ግን ቀዳዳ ጠየቀ። ሸምሱ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ገባና በጠመኔ ምልክት አደረገ።

"በዚህ ጣት ወዲህ ብትበሳ ነዳጅ ነው። በዚህ ጣት ወዲያ ብትበሳ ፍሬን ነው። መሐል ላይ ያለው ብረት ነው የእኛ።"

በእጅ የሚዞረውን መብሻ ያዘና ሲታገል ዋለ። ብረቱ ጭረት ብቻ አወጣ፤ የመብሻው ጫፍ ተሰበረ። የመብራት መሰርሰሪያ አለው፤ መብራት ግን የለም። ዋናው ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ሳምንት ሆኖታል፤ ከሾላ መገንጠያ እስከ ሆስፒታሉ ከተማ ያለው መስመር ሁሉ ሞቷል። የጤና ጣቢያው ሶላር የክትባቱን ማቀዝቀዣ ብቻ ነው የሚችለው።

እንግዲህ መሰርሰሪያው ያለ መብራት አልዞርም አለ፤ ብረቱ ያለ መሰርሰሪያ አልበሳም አለ፤ ብሎኑ ያለ ቀዳዳ አልገባም አለ፤ ካዝናው ያለ ብሎን አልቀመጥም አለ፤ መድኃኒቱ ያለ ካዝና አልሳፈርም አለ፤ ሕመሙ ያለ መድኃኒት አልሄድም አለ። ወይዘሮ ዘርትሁንም እንደ ተቀመጡ ናቸው።

በከተማው ውስጥ ያለው ጀነሬተር አንድ ነው፤ እሱም የዕድሩ ነው። ለለቅሶ ድንኳን መብራት የሚሰጥ፣ ቀይ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት ደንቡን ሳያዩ በቃላቸው አሉት፦

"አንቀጽ ዘጠኝ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስትና ጀነሬተር ከአባል ቤት ሞት ሲሰማ ብቻ ይወጣሉ።"

"ጋሼ ወልደሰንበት፣ ለአንድ ሰዓት ነው። አራት ቀዳዳ ብቻ።"

"አንድ ጊዜ ለሠርግ አውሰን ተበላሽቶ መጣ። በዚያው ሳምንት የመምህር ታፈረን ቤተሰብ ጨለማ ውስጥ አስለቀስናቸው። እኔ ነኝ ፊታቸው የቆምኩት። አንተ አልቆምክም።"

ይኸው ነው። ጀነሬተሩ ያለ ሞት አልወጣም አለ፤ መብራቱ ያለ ጀነሬተር አልመጣም አለ፤ መሰርሰሪያው ያለ መብራት አልዞርም አለ፤ ብረቱ ያለ መሰርሰሪያ አልበሳም አለ፤ ብሎኑ ያለ ቀዳዳ አልገባም አለ፤ ካዝናው ያለ ብሎን አልቀመጥም አለ፤ መድኃኒቱ ያለ ካዝና አልሳፈርም አለ፤ ሕመሙ ያለ መድኃኒት አልሄድም አለ። ወይዘሮ ዘርትሁንም እንደ ተቀመጡ ናቸው።

መንበሩ ለመሄድ ተነሣ፤ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እህቴ ዛሬ ብትሞት ጀነሬተሩ ይወጣል?"

"እግዜር አያድርገው እንጂ በሰዓቱ ይወጣል። እኔው ራሴ አወጣዋለሁ።"

"ጥሩ። ጀነሬተሩ ከወጣ መብራቱ ይመጣል። መብራቱ ከመጣ መሰርሰሪያው ይዞራል። መሰርሰሪያው ከዞረ ብረቱ ይበሳል። ብረቱ ከተበሳ ብሎኑ ይገባል። ብሎኑ ከገባ ካዝናው ይቀመጣል። ካዝናው ከተቀመጠ መድኃኒቱ ይሳፈራል። ይዤው እመጣለሁ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ከዚያ ለማን ልስጠው ጋሼ?"

አቶ ወልደሰንበት ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አንሥተው ወጡ። የሄዱት ወደ ዕቃ ቤቱ አልነበረም፤ ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን ቤት ነበር።

"መጣህ እንዴ ወልደሰንበት?" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን ከግድግዳው ሳይላቀቁ። "ገና ነኝ እኮ።"

"ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"ድንኳኑንስ ደጅ ተውከው?"

"አንቺ ሴት፣ ምላስሽን እንኳ አላመመሽም።"

"እሱ ብቻ ነው የተረፈኝ። ቁጭ በል፤ ሻይ የለ..."

ቃሉ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ግንባራቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፤ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። አልጮሁም። ትንፋሻቸው በአጭር በአጭሩ ይገባል፣ ይወጣል። አቶ ወልደሰንበት ሰዓታቸውን አዩ። ሕመሙ እስኪለቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ መጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲሄድና ሲመጣ ተቀምጠው አዩት። በሃያ ሁለት ዓመት ዳኝነታቸው ከሁለት መቶ በላይ ቀብር ላይ ቆመዋል። ከቀብር በፊት ያለውን ይህን አገር ግን ረግጠውት አያውቁም ነበር። ሲወጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ እስከ ዕቃ ቤቱም አላደረጉትም።

"አውጡት" አሉ።

የዕድሩ ጸሐፊ የዕቃ መውጫ መዝገቡን ገለጠ። "የሟች ስም በሚለው ላይ ምን ልሙላ?"

"ባዶ ተወው።"

"ጋሼ፣ ባዶ ሆኖ አያውቅም።"

"ዛሬ ይወቅ።"

ሞት ሳይሰማ ጀነሬተሩ ወጣ። ሁለት ሰው ተሸክሞት በገበያው መሐል ሲያልፍ ሴቶች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ "ማን ሞተ?" ሲባል "ማንም" ተባለ፤ ሰው ይህን ሰምቶ ሥራውን እየተወ ተከተለ። ሸምሱ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ወደ ስልሳ ሰው ቆመ። ገመዱ ተጎተተ፤ ጀነሬተሩ አጓራ። ጀነሬተሩ ስለወጣ መብራቱ መጣ። መብራቱ ስለመጣ መሰርሰሪያው ዞረ። ብረቱ አንድ ጊዜ ጮኸና ተሸነፈ፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ፣ እያበራ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ነዳጁ አልተነካም፤ ፍሬኑ አልተነካም። ቀዳዳው ስለተበሳ ብሎኑ ገባ። ብሎኑ ስለገባ ካዝናው ተቀመጠ።

ሸምሱ ስድስት ጎበዝ መርጦ "ንቀሉት" አላቸው። ካዝናውን በገመድ አስረው በበሩ በኩል ጎተቱ። የፒክአፑ አንድ ጎን ከነጎማው ከመሬት ተነሣ፤ ካዝናው ከፒክአፑ አልተነሣም።  ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት ቀስ ብላ "በስመ አብ" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ወይዘሪት ሐመልማል ካዝናውን በሁለት እጇ ሳበችው፤ በእግሯ ገፋችው፤ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብላ አራቱን የብሎን ራስ ቆጠረች። ከዚያ ጠርሙሶቹን አስገብታ ቆለፈች፤ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

"ሂድ" አለችው። "ቀስ ብለህ።"

ካዝናው ስለተቀመጠ መድኃኒቱ ተሳፈረ። ሰማንያ አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ የእህቱ እንቅልፍ ከመንበሩ ጀርባ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል፤ ሊነካው ግን አይችልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድልድዩ ጋ መኪናው ሲነጥር፣ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ብረቱን ዳሰሰ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ንቅንቅም አላለም።

ረፋድ አምስት ተኩል ላይ ነርሷ በሁለተኛው ቁልፍ ከፈተች። ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ቀድታ ወይዘሮ ዘርትሁንን አጠጣቻቸው።

"ይመራል" አሉ።

ከዚያ ሁሉም ጠበቁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወይዘሮ ዘርትሁን ግንባራቸውን ከግድግዳው አነሡ፤ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው ዙሪያቸውን አዩ። እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ለቀቀ። ማንም ሳይደግፋቸው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ በግራ ጎናቸው ጋደም አሉ። መድኃኒቱ መጥቷልና ሕመሙ ሄደ።

ተኙ።

ወሬው መንገዱን ተሻግሮ መናኸሪያ ደረሰ። የሚኒባስ ረዳቶች መጣራት ተዉ፤ መዳረሻቸውን በካርቶን ላይ ጽፈው ከፍ አድርገው ያዙ፤ ማንበብ ለማይችል በጣታቸው አቅጣጫ አሳዩ። ሾፌሮች ጥሩምባ አልነኩም። ሾላ መገንጠያ ያን ቀትር አንድ መቶ ሰባት መንገደኛ ያለ አንድ ቃል አሳፍራ ሸኘች።

አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዘርትሁን አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። መንበሩ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥር ሰዓት እትዬ። አራት ሰዓት ተኛሽ። ምን ላምጣልሽ?"

"ምንም" አሉና ራሳቸው በራሳቸው ወደ ቀኝ ጎናቸው ዞሩ። "ውጣና በሩን ዝጋልኝ፤ በዚህኛውም ጎን ልሞክረው።"