የሹሙ መኪና በሽታ

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ መካኒክ ነበር። የወረዳችን ሹም አቶ ይርዳው አሮጌ መኪናቸው አንዳንዴ አልነሳ እያለች አስቸገረቻቸው። በዘበኞች ተገፍታ ጋራዥ ትመጣለች፤ ባለቤቴ አጠገቧ ሲቆም ግን ወዲያው ትነሳለች። ባትሪውንም ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖም ቢፈትሽ ደህና ነው። ቢሮ ስትመለስ እንደገና ትተኛለች።

አንድ ቀን ሹሙ ሰው በተሰበሰበበት ጮኹበት።

«አንተ ቀጣፊ! ወይ በሽታዋን አሁኑኑ ንገረኝ፣ ወይ ጋራዥህን አሽገዋለሁ!»

ባለቤቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መለሰ።

«ጌታዬ፣ በሽታዋስ ታውቋል። ቢሮዎ ደጅ ስትውል የተጋባባት ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ትነሳለች፣ ተቆጣጣሪ ሲሄድ ትተኛለች። የእኔ ጋራዥ ቢታሸግ አትድንም። ቢሮው ቢታሸግ ግን ሳይሻላት አይቀርም።»