የላይ ወንዝ አራዊት አሰልጣኝ ሲመርጡ

እናንተ፣ እስቲ ጸጥ በሉ። ከጠዋት ጀምሮ «እገሌ ያሰልጥን፣ እገሌ ይባረር» እያላችሁ ጆሮዬን በላችሁት። ክለቡ የእናንተ ነው፣ መቆርቆራችሁም ደግ ነው። ግን እንዲህ ያለው ክርክር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላውራችሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሰው ገና ባልረገጠው፣ ስምም ባልወጣለት አገር አንድ ወንዝ ነበረ። ከወንዙ በላይ የሚኖሩት አራዊት የላይ ወንዝ፣ ከታች የሚኖሩት ደግሞ የታች ወንዝ ይባላሉ። በሁለቱ መካከል በበጋ እንኳ የማይደርቅ ጨፌ አለ፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ለዚያ ጨፌ ሲባል ብዙ ቀንድ ተሰብሯል፣ ብዙ ደም ፈሷል። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡና እንዲህ ብለው አስታረቁ፤ «ከእንግዲህ መዋጋት ይቅር፣ ኳስ እንጫወት። በዓመት አንድ ቀን፣ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ዘንበል እስክትል። ያሸነፈ የበጋውን ጨፌ ይውሰድ።»

የላይ ወንዝ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸነፈ። ሦስት በጋ ሙሉ ጥጃውም ግልገሉም ደረቅ ገለባ ሲያኝክ ከረመ። በሦስተኛው በጋ ለክረምት ሳይደርሱ የሞቱም ነበሩ። የቡድኑ አምበል እመት አህያ እንኳ አንዲት ውርንጭላዋን ቀብራለች። ስለዚህ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም።

አሰልጣኛቸው አባ ጎሽ አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ልጆቼ፣ ጉልበቴም አለቀ፣ ምክሬም አለቀ። ሌላ ፈልጉ» አለና ወደሚተኛበት ጭቃ ሄደ። ግጥሚያው ሃያ ቀን ቀርቶታል።

በማግስቱ ደጋፊው ሁሉ ሾላው ስር ተሰበሰበ። ያ ጫጫታ ምኑ ይነገራል!

«አሰልጣኝ ማለት ድምፁ ገደል የሚያስተጋባ ነው!» አለ አያ ዝንጀሮ፤ ድምፁ ገደል የሚያስተጋባው እሱ ነዋ።

«ድምፅ ምን ይሠራል? አሰልጣኝ ማለት አንገቱን ደፍቶ የሚገፋ ነው!» አለ አያ ከርከሮ፤ አንገቱን ደፍቶ የሚገፋው እሱ ነዋ።

«የለም፣ የለም፣ አሰልጣኝ ማለት ቤቱን የሚጠብቅ ነው» አለች እመት ኤሊ፤ የእሷንስ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንዱ ስም ሲጠራ ግማሹ «ይሁን! ይሁን! እሱ ይሁን!» ይላል፤ ግማሹ «ይቅር! ይቅር! እሱ ይቅር!» ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ይሁን» ያለው «ይቅር» ይላል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ።

ከደጋፊዎቹ መካከል እመት ሽኮኮ የምትባል ነበረች። ኮረብታው ላይ ባለ የቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትኖረው። እግሯ አጭር ስለሆነ አትጫወትም፤ ግን አንድም ግጥሚያ አምልጧት አያውቅም። ጠባይዋ ደግሞ ነገሩን ሳታውቅ ማደር አትችልም፤ ምክንያቱን ሳትጠይቅ አታልፍም። «ደግ፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ» ስትል፣ ሁሉም ፊቱን ያዞራል።

በአራተኛው ቀን፣ ጭቅጭቁ በጋለበት ሰዓት፣ አቧራ የለበሰ አንድ ቀበሮ ከቆላ መንገድ ብቅ አለ። አንገቱ ላይ ከቀንድ የተሠራ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። ቆም ብሎ ሰማቸውና ፊሽካውን ነፋ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ምስኪኖች» አለ አያ ቀበሮ። «አሰልጣኝ አጥታችሁ ነው? እኔ የቆላ ነብሮች አሰልጣኝ የነበርኩ ነኝ። ነብሮቹ ሰባት ጊዜ አሸንፈዋል። ሰባት ጊዜ!»

«ሰባት ጊዜ!» አለ አያ ዝንጀሮ።

«ነብሮችን!» አለ አያ ከርከሮ።

«ይሁን! ይሁን! እሱ ይሁን!» ብሎ አገሩ ተናወጠ።

ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ «ደግ፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አያ ቀበሮ፣ ሰባት ጊዜ ካሸነፋችሁ፣ ለምን ትተሃቸው መጣህ?»

ቀበሮው ፈገግ አለ። «እመት፣ ወንዝ ለምን አንድ ቦታ እንደማይቆም ትጠይቂያለሽ?»

ደጋፊው በሳቅ ፈነዳ። መልስ የሰጣት መስሏቸው ነበር። እሷ ግን፣ «ይኼ እኮ ሌላ ጥያቄ ነው» እያለች ወደ ቋጥኟ ወጣች።

አያ ቀበሮ ተሾመ። አሰልጣኝ በባዶ ሆድ አይመክርም ተባለና በየማለዳው የጅግራ እንቁላል፣ በየቀትሩ ማር ይቀርብለት ጀመር። ጅግሮቹም «ለአገራችን ነው» ብለው እንባቸውን እየዋጡ እንቁላላቸውን ሰጡ። እሱም ጥላ ስር ጋደም ብሎ፣ «ምቱ! ዝም ብላችሁ ምቱ!» ይላል። ሌላ ትምህርት የለውም። ተጫዋቾቹ ይመታሉ፣ እሱ ይበላል።

እመት ሽኮኮ እንቅልፍ አጣች። ነብር ሽኮኮ እንደሚበላ ማን ያጣዋል? እሷም ታውቃለች። ግን ከፍርሃቷ ይልቅ ለማወቅ ያላት ጉጉት በለጠባትና አንድ ማለዳ ወደ ቆላ ወረደች። ሦስት ቀን ከድንጋይ ድንጋይ እየተሸሸገች ተጓዘች። የነብሮቹ መንደር ስትደርስ፣ የነብር ክንድ የማይደርስበት ጠባብ ስንጥቅ መረጠችና እዚያ ውስጥ ሆና ተጣራች።

«ቤቶች!»

አንዲት ያረጀች ነብር መጥታ ስንጥቁን አሸተተች። «ምሳ ነው የሚያናግረኝ?»

«ምሳ አይደለሁም፣ እንግዳ ነኝ» አለች ሽኮኮ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ቀበሮ አሰልጥኗችሁ ያውቃል?»

ነብሯ ቁጭ አለች።  «የቀንድ ፊሽካ ያለው?»

«እሱ።»

«ሰባት ጊዜ አሸንፈናል ብሎሻል?»

«ብሏል።»

«አሸንፈናል። ሰባቱንም ያሸነፍነው እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው። እሱ ባሰለጠነን ጊዜ አንድ ግጥሚያ ብቻ ገጠምን። ሦስተኛው ጎል ሲቆጠርብን፣ ‹አሁን ምን እናድርግ?› ብለን ዘወር ብንል የለም። ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዘንለት አለን። ካገኘሽው ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ፤ እናመሰግናለን።»

«ከስንጥቁ ወጥተሽ አትሰናበቺኝም?» አለች ነብሯ።

«ከዚህ ሆኜ ነው የምሰናበተው» አለች ሽኮኮ።

ነብሯ ስቃ ሄደች። ሽኮኮም ከዚያ አገር እስክትወጣ ድረስ ወደ ኋላ አላየችም።

ግጥሚያው አንድ ቀን ሲቀረው አገሯ ደረሰች፤ እግሯ ቆስሏል። ሾላው ስር ሄዳ የሰማችውን ሁሉ ተናገረች።

«ነብር አነጋግሬ በሕይወት ተመለስኩ የሚል ሽኮኮ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ አያ ቀበሮ፣ ማሩን እየላሰ። «ነብሮቹ ስለተውኳቸው ተቀይመው ነው። ወይም የታች ወንዝ ልኳት ይሆናል።»

«ከሃዲ!» አለ አያ ዝንጀሮ። «በግጥሚያ ዋዜማ ቡድን ትበትናለች?»

እመት ሽኮኮ እንባዋ መጣ። ነብር ፊት ያላለቀሰችው፣ በወገኖቿ ፊት አለቀሰች። አጠገቧ የመጣችው እመት አህያ ብቻ ነች። «እኔም የሚሆነውን አላውቅም» አለቻት። «ግን እግርሽ የቆሰለው በእውነት መንገድ ሄደሽ ነው።»

የግጥሚያው ቀን ጎሕ ቀደደ። የታች ወንዝ በረኛ ጉማሬ ነበር። ጎሉ ላይ ሲቆም፣ አይደለም ኳስ ዝንብም አታልፍም። «ምቱ! ዝም ብላችሁ ምቱ!» ይላል ቀበሮው። ይመታሉ፣ ኳሷ የጉማሬው ሆድ ላይ ነጥራ ትመለሳለች፤ የታች ወንዝ ድኩላዎች ይዘዋት ይበራሉ። አንድ ጎል። ገና ጤዛው ሳይረግፍ ሁለት ጎል።

ደጋፊው ኮረብታው ላይ ሲጮህ፣ እመት ሽኮኮ ግን ጉማሬውን ትመለከት ነበር። ወንዙ ዳር ወደተቀመጠች አንዲት እንቁራሪት ጠጋ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ይኼ ጉማሬ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይቆማል?»

«ምን ብሎ!» አለች እንቁራሪት። «የእሱ ቆዳ እንደኔው ነው፤ ፀሐይ አይችልም። ከረፈደ ይሰነጠቃል። ቀትር ላይ ብትቀጠቅጪውም ውሃ ከመግባት አይቀርም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ገብቶ አላየነውም!»

«እናንተ መች እስከ ቀትር ቆይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች እንቁራሪት። «በየዓመቱ ሦስተኛው ጎል ሲቆጠርባችሁ እርስ በርስ ተደባድባችሁ ሜዳውን ትታችሁ ትሄዳላችሁ።»

እመት ሽኮኮ አፏን ይዛ ቀረች። ሦስት ዓመት ተሸንፈው ማን ያሰልጥን ብለው ተከራከሩ እንጂ፣ ለምን ተሸነፍን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሷም ብትሆን!

በዚህ መካከል ሦስተኛው ጎል ገባ። ተጫዋቾቹ «አሁን ምን እናድርግ?» ብለው ዘወር አሉ። ጥላው ስር የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ቀርቷል። አያ ቀበሮ የለም።

«አንተ ነህ ያመጣኸው!» ብሎ ከርከሮ ዝንጀሮን ገፋው።

«ይሁን ይሁን ያልከው አንተ ነህ!» ብሎ ዝንጀሮ ከርከሮን ነከሰው። ኮረብታው ድብልቅልቁ ወጣ። ሜዳው ላይ ያሉትም ለመሄድ እግራቸውን አነሱ።

እመት ሽኮኮ በቆሰለ እግሯ እያነከሰች ሜዳው ውስጥ ገባች። «እመት አህያ! አትሂዱ! እስከ ቀትር ቆዩ! ኳሷን አትምቱ፣ እርስ በርስ ብቻ ተቀባበሏት። ፀሐይዋ ትምታልን!»

«ከሃዲዋ ደግሞ መጣች!» አለ አንዱ።

እመት አህያ ግን ሽኮኮን አየቻት። ውርንጭላዋንም አሰበች። «ዘንድሮ እኔ ከዚህ ሜዳ አልወጣም» አለች። «ማንም ቢሄድ እኔ እቆያለሁ። ኳሷን ወዲህ ስጡኝ።»

አምበላቸው ስትቆም ሌሎቹም ቆሙ። ከአህያ ወደ ሚዳቋ፣ ከሚዳቋ ወደ ሰስ፣ ከሰስ ወደ አህያ። ኮረብታው ላይ ያለው ደጋፊ «ምቱ እንጂ!» እያለ ጮኸ፤ ጩኸቱም ደከመው፣ ጠቡም ደከመው፣ ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ጉማሬው አንድ እግሩን አነሳ፣ አወረደ። ወደ ወንዙ ዘወር አለ። ትንሽ ታገሠ። ከዚያ «ይብቃኝ፣ ነፍሴ ትበልጣለች!» ብሎ እየሮጠ ሄደና ውሃው ውስጥ ተንቦጫረቀ።

ያኔ መቱ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ፀሐይ ዘንበል ሳትል ደግሞ አራተኛዋን እመት አህያ በኋላ እግሯ።

የዚያን በጋ የላይ ወንዝ ግልገሎች ጨፌው ውስጥ ዘለሉ። በግጥሚያው ዕለት ግን ደጋፊው ከሜዳ ሳይወጣ ሽኮኮን ከብቦ፣ «ሽኮኮ ትሁን! ትሁን! ትሁን!» ይል ጀመር። አያ ዝንጀሮማ «እኔ ድሮም ብዬ ነበር» አለ።

«ደግ፣ ልሁን» አለች እመት ሽኮኮ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ነገ እኔም እሸነፍ ይሆናል፤ ያን ቀን እስከ መጨረሻው ትቆያላችሁ?»

 ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ቶሎ «ይሁን» አላለም፤ ሁሉም ልቡን መጠየቅ ያዘ። ቆይቶ ቆይቶ አያ ከርከሮ፣ «እኔ እንጃ፣ ግን እሞክራለሁ» አለ። እሷም ሾላው ስር ከተባለው ሁሉ ይልቅ ይህችን ቃል ወደደቻትና ሥራዋን ጀመረች።

ቀበሮውስ? በድንጋጤ ሲሮጥ መንገድ ሳይመርጥ ቆላ ወረደላችሁ። አንዲት ያረጀች ነብር መንገዱ ላይ ጋደም ብላ፣ «አያ ቀበሮ፣ ደህና መጣህ። ያቺን ጥያቄያችንን ይዘን ስንጠብቅህ ነበር» አለችው። ምን ብሎ እንደመለሰላት አልሰማሁም፤ ፊሽካው ግን ዳግመኛ ተነፍቶ አያውቅም ይባላል።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ የጎደለውን እናንተ ሙሉበት። አባቶቻችንም ይህን አይተው እንዲህ አሉ፤

ሳይጠይቁ የሾሙት፣ ሳይሰናበት ይሸሻል።