የመምህርት ትርንጎ መስኮት

ነበር ልበላችሁ፤ እናንተ «ነበረ ወይ?» በሉኝ። ነበረች! በጎርፌ ከተማ ትርንጎ የምትባል የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ምስጋና ከአፏ የማይጠፋ፣ ወንበር ላቀበላትም መንገድ ለለቀቀላትም «ተባረክ» ሳትል የማታልፍ ሴት። የዚያን ዓመት የፈለገችው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ያውም ትንሽ ነገር። የክፍሏ መስኮት እንዲከፈትላት።

ክፍሉ የጭቃ ነው። መብራት አልገባለትም። ያለችው አንዲት የቆርቆሮ መስኮት ብቻ ናት፤ ስትከፈት ብርሃኑ ሄዶ ሰሌዳው ላይ ያርፋል፣ ስትዘጋ ክፍሉ ድንግዝግዝ ይላል። ሌሎቹ ልጆች ዓይናቸውን እያጠበቡም ቢሆን ያነባሉ። ዓይኗ የደከመባት ዘቢደር ግን ሰሌዳው ከግድግዳው አይለይላትም። አንድ ቀን አባቷ አቶ አሰጌ መጡና በሩ ላይ ቆመው፣

«መምህርት፣ ልጄ እስካሁን ሀሁ አልለየችም። እስከ ፋሲካ ካልሆነላት ትቅርና ከእናቷ ጋር ገበያ ትዋል» አሉ።

ትርንጎ ደነገጠች። መስኮቱን እንዳትከፍተው ደግሞ ከጀርባው የሰፈሩ ቆሻሻ ተከምሯል፤ በተከፈተ ቁጥር ልጆቹን ያስመልሳቸዋል። ቆሻሻው ካልተነሳ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ዘቢደር ፊደል አታይም።

ስለዚህ ትርንጎ የቆሻሻ መኪና ወደሚነዱት ወደ ጋሽ ቡልቻ ሄደች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቆሻሻውን ያንሱልኝ።»

«እኔማ ባነሳው ደስ ባለኝ፣ የኔ እህት! ግን በየት በኩል ልምጣ? ወደ እናንተ የሚያሻግረው ድልድይ ተሰንጥቋል። ይህን መኪና ይዤ ብወጣበት አብረን ነው የምንገባው። መንገዶች ጽሕፈት ቤት ሂጂ።»

«እውነቱን ስለነገሩኝ ይባረኩ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ እየሄደች ለራሷ እንዲህ ትላለች፤ ድልድዩ ካልተሠራ መኪናው አያልፍም፤ መኪናው ካላለፈ ቆሻሻው አይነሳም፤ ቆሻሻው ካልተነሳ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ዘቢደር ፊደል አታይም።

መንገዶች ጽሕፈት ቤት ቦቲ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ ወጣት መሐንዲስ አገኘች።

«እህቴ፣ እባክሽ ድልድዩን ሥሪልኝ።»

«ሲሚንቶውም ብረቱም ተዘጋጅቷል፣ መምህርት። ግን ከሥሩ ያለው ቦይ ተደፍኗል። ውሃው መውጫ አጥቶ መሠረቱን እየበላው ነው። ዛሬ ብሠራው ክረምት ሲገባ መልሶ ይፈርሳል። መጀመሪያ ቦዩ ይጠረግ። እሱ የጽዳትና ውበት ሥራ ነው።»

«የሚፈርስ ድልድይ ስላልሠራሽልን ተባረኪ» አለች ትርንጎ፤ ከልቧም ነበር። እየሄደችም ትቆጥራለች፤ ቦዩ ካልተጠረገ ድልድዩ አይሠራም፤ ድልድዩ ካልተሠራ መኪናው አያልፍም፤ መኪናው ካላለፈ ቆሻሻው አይነሳም፤ ቆሻሻው ካልተነሳ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ዘቢደር ፊደል አታይም።

ጽዳትና ውበት ደረሰች። ኃላፊዋ ወይዘሮ ምንትዋብ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ ቦዩን ያስጠርጉልኝ።»

«ቦዩን? እናንተ አይደላችሁም እንዴ የደፈናችሁት!» አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ። «የትምህርት ቤታችሁ የግንብ አጥር ተንዶ የተጋደመው እዚያው ቦዩ ውስጥ ነው። የኔ ሠራተኞች መጥረጊያና አካፋ ነው ያላቸው፤ ግንብ በምን ያንሱ? ያጠረው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፣ እሱው ያንሳው። ግንቡ ይነሳልኝ እንጂ በማግስቱ እጠርጋለሁ። ቃሌ ነው።»

«ቃልዎ ይበቃኛል፣ እትዬ፤ ይባረኩ።»

ወጣች። ፋሲካ እየቀረበ ነው። ግንቡ ካልተነሳ ቦዩ አይጠረግም፤ ቦዩ ካልተጠረገ ድልድዩ አይሠራም፤ ድልድዩ ካልተሠራ መኪናው አያልፍም፤ መኪናው ካላለፈ ቆሻሻው አይነሳም፤ ቆሻሻው ካልተነሳ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ዘቢደር ፊደል አታይም።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ልሳኑ ይባላሉ። ተነስተው ወንበር ሰጧት።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ግንቡን ያስነሱልኝ።»

«በጀት አለ፣ መምህርት። የለም አልልሽም። ግን የጥገና ገንዘብ የሚለቀቀው ክፍሎቹ ብርሃንና አየር ለሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ነው፤ መመሪያው እንደዚያ ይላል። የእናንተ የአንደኛ ክፍል መስኮት አይከፈትም ተብሎ ታልፋችኋል። መስኮቱን ክፈቱና ገንዘቡን ውሰዱ።»

ትርንጎን ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ አልቆ እንባ ሆነ።

«ጌታዬ፣ ይስሙኝ። መስኮቱ ካልተከፈተ ገንዘቡ አይለቀቅም፤ ገንዘቡ ካልተለቀቀ ግንቡ አይነሳም፤ ግንቡ ካልተነሳ ቦዩ አይጠረግም፤ ቦዩ ካልተጠረገ ድልድዩ አይሠራም፤ ድልድዩ ካልተሠራ መኪናው አያልፍም፤ መኪናው ካላለፈ ቆሻሻው አይነሳም፤ ቆሻሻው ካልተነሳ መስኮቱ አይከፈትም!»

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ቀስ ብለሽ» አሉ።

ደገመችላቸው። አቶ ልሳኑ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ክብ እየሳሉ ተከተሏት፤ ጣታቸው ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ላይ ቆመ። ኮታቸውን አነሱ።

«በይ ተነሽ፣ እንሂድ።»

ክፍሉ ደርሰው የኋለኛው አግዳሚ ላይ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለችው ልጅ ሰሌዳውን ትታ የጎረቤቷን እጅ እያየች ትገለብጣለች። ዘቢደር ነበረች።

«የኔ ልጅ፣ ሰሌዳው ላይ ምን ተጽፏል?»

«አይታየኝም፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ።

አቶ ልሳኑ ሄደው መስኮቱን በእጃቸው ገፉት። ብርሃኑ ሰሌዳውን ሞላው፤ ግማቱም ክፍሉን ሞላው። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ዘቢደር ግን አፍንጫዋን ረስታ ብድግ አለች።

«"በ" ነው! ቲቸር፣ "በ" ነው አይደል? ሁለት እግር አለው!»

ኃላፊው እያሳሉ መስኮቱን መልሰው ዘጉ። ዓይናቸው ያዘለው እንባ ከግማቱ ይሁን ከሌላ አልታወቀም።

«መስኮት ይከፈት ነው የሚለው መመሪያው። ይኸው ተከፍቷል፤ እኔው ራሴ ከፍቼ አይቻለሁ» አሉ። «ሲከፈት ምን እንደሚመጣም አይቻለሁ። ቀድሜ መጥቼ ማየት ነበረብኝ።»

በቃ፣ ከዚህ በኋላ ማን ያቁመው! መስኮቱ ቢታይ ገንዘቡ ተለቀቀ፤ ገንዘቡ ቢለቀቅ ግንቡ ተነሳ፤ ግንቡ ቢነሳ ቦዩ ተጠረገ፤ ቦዩ ቢጠረግ ድልድዩ ተሠራ፤ ድልድዩ ቢሠራ መኪናው አለፈ፤ መኪናው ቢያልፍ ቆሻሻው ተነሳ፤ ቆሻሻው ቢነሳ መስኮቱ ተከፈተ፤ መስኮቱ ቢከፈት ዘቢደር ፊደል አየች! አቶ አሰጌ ከፋሲካ በፊት መጥተው በመስኮቱ በኩል ልጃቸው ስታነብ ሰሟት። ባርኔጣቸውን አውልቀው እስክትጨርስ ቆሙ።

ትርንጎ ግን ሥራ ቀርቷታል። ነጠላዋን አጣፍታ አቶ ልሳኑ ቢሮ ገባች።

«ደግሞ ምን ጎደለ፣ መምህርት?»

«ምንም አልጎደለም። ላመሰግን ነው የመጣሁት።»

ኃላፊው ብድግ አሉ። ለመጠየቅ እንጂ ለማመስገን ወረፋ የያዘ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። ከእሳቸው ወጥታ ወይዘሮ ምንትዋብ ዘንድ ሄደች፤ አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ መሐንዲሷን ድልድዩ ላይ አገኘቻት፤ ልጅቷ አፍራ መሬት መሬት አየች። መጨረሻ ላይ ጋሽ ቡልቻን መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ስላነሱልኝ ይባረኩ።»

ጋሽ ቡልቻ ሞተሩን አጠፉ።

«የኔ እህት፣ ስቀር "የት ጠፋህ?" የሚለኝ ሞልቷል» አሉ። «"መጣህልን" ያልሽኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሞተሩን አስነሱ። እስከ ገበያው ድረስ፣ ሙሽራ እንደጫነ መኪና፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሄዱ።

እስከዚህ የሰማችሁኝ ሁሉ ዕድሜ ይስጣችሁ፤ እኔም አፌን ልሰብስብ።