የሩቂያ መርዶ ነጋሪ

በአንድ ወቅት፣ ኧረ ሩቅም አይደል፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ይመር፣ እንድሪስና ሙሄ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ሱቃቸው አንድ ሰርቨር፣ ማለት ድምፁን የሚያከማች ማሽን፣ አስቀምጠው ዌብሳይት ከፈቱ። አረብ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ፤ እናቶች ሱቁ መጥተው ያዳምጡና መልሳቸውን እዚያው ይቀዳሉ። ሰፈሩም «የድምፅ ቤት» ብሎ ጠራው። ለዚህ ሥራቸው ያልመረቃቸው ሰው አልነበረም፤ ይህን አትርሱባቸው።

እማማ ሐዋ ከዚያ ደጅ አይጠፉም። አንዲት ልጃቸው ሩቂያ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን ማዳሟ ወስዳባታለች። ቤት ስታጸዳ የልጆቹን ታብሌት ሰረቅ አድርጋ ካልከፈተች በቀር ከእናቷ የምትገናኝበት ሌላ መንገድ የላትም።

አንድ ቀን ታዲያ ሩቂያ ካለችበት አገር ተነሥቶ ሰርቨሩ ላይ መዓት ወረደ። ማን እንደላከው አይታወቅም፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮምፒውተር የይለፍ ቃል እየሞከረ ሰርቨሩን ይደበድበው ጀመር። ማሽኑ ሊወድቅ ሆነ። ከወደቀ የሁሉም ድምፅ መጥፋቱ ነው። ትልቁ ወንድም ይመር አላመነታም። የዚያን አገር የኢንተርኔት አድራሻዎች በሙሉ የያዘ ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አወረደና ለፋየርዎሉ፣ ማለት ለማሽኑ ዘበኛ፣ ሰጠው። ሰንጠረዡ ውስጥ ካለ አድራሻ የመጣ ማንም እንዳይገባ፣ መልስም እንዳይሰጠው አዘዘ። ድብደባው ቀጥ አለ።

«እዚያ አገር የኛ ልጆች የሉም እንዴ?» አለ ትንሹ፣ ሙሄ።

«የአንድ አገሩ ይቅር ወይስ የሁሉም ይጥፋ?» አለ ይመር።

እውነቱን ነው፤ የስንቱን እናት ድምፅ አተረፈ። ግን ለእማማ ሐዋ «ልጅዎን ዘግቼባታለሁ» ማለት ነበረበት። አፈረ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያለ ቀረ። ሩቂያም በየቀኑ ታብሌቱን ትከፍታለች፤ ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ መልስ የለም።

እማማ ሐዋ በዚያው ሰሞን ታመሙ። እየተደገፉም ቢሆን ይመጣሉ።

«የልጄ ድምፅ አልመጣም?»

መካከለኛው እንድሪስ ፊታቸውን አይቶ አንጀቱ አልቻለም። «መጥቷል እማማ። ድምፁ ተበላሽቶ ነው እንጂ ሰላም በልልኝ ብላለች» አላቸው። በማግስቱም እንዲሁ አለ። ከዚያ ወዲያማ ለመደው፤ «ስለ ጤናዎ ጠይቃለች፣ ዱዓ አድርጉልኝ ብላለች» እያለ ይጨምር ጀመር። ወይ ጉድ! አሮጊቷ ግን ፊታቸው እየበራ ነበር የሚመለሱት። አልጋ ላይ ሲውሉ እንድሪስ መቅጃ ይዞ ቤታቸው ሄደ። እንዲህ ብለው ቀዱ፦

«ሩቂያዬ፣ እኔ እንግዲህ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። ሰላምታሽ በየቀኑ ደርሶኛል። አልረሳሽኝም፤ እኔም መርቄሻለሁ።»

ያልተላከ ሰላምታ ተመሰገነበት። እንድሪስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ተቀመጠ። ሙሄ ሰማውና አላስችለው አለ። የሩቂያን አድራሻ ብቻ ለይቶ እንዳይከፍት የት ያውቀዋል? ይመር ለጁምዓ ሰላት ሲወጣ ጠብቆ ሰንጠረዡን እንዳለ ሰረዘው። አልተሳሳተም፤ መሞከር ያላቆመችው ሩቂያ ገባች። ከስንት ጊዜ በኋላ የእናቷን ድምፅ ሰማች።

«ሩቂያዬ፣ እኔ እንግዲህ…»

እዚህ ላይ ተቆረጠ። አጥቂዎቹም በተከፈተው በር ገብተው ሰርቨሩን ጠራርገው አጠፉት። የእማማ ሐዋ ብቻ አይደለም፤ በሕይወት የሌሉ የስንት እናቶች ድምፅ አብሮ ሄደ። ሌላ ቦታ ገልብጦ ያስቀመጠ አልነበረም፤ በዚህ ሦስቱም እኩል ያፍራሉ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ሐዋ አረፉ። ወንድማማቾቹ ከቀብር ሲመለሱ አንዲት ከአረብ አገር የገባች ጎረቤት የሩቂያን መልእክት አመጣች። «እናቴ ‹እኔ እንግዲህ› ብላ ዝም አለችኝ። ተቀይማኝ ነው? ምን ልትለኝ ነበር? ከአፏ ካልሰማሁ አላርፍም፤ ሥራውን ትቼ መጥቻለሁ» ብላለች።

ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ ተወርውሮ አይነገርም፤ ሰው ቀርቦ፣ አስቀምጦ፣ ዓይን እያየ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ኡመር የሆነውን ሁሉ ሰምተው ተቆጡ።

«እኛ ሽማግሌዎች የለንበትም! ከእናንተ አንዱ ይንገራት። የነገራትም የእናቷን ቃል ይጨርስላት፣ ለምን እንደተቆረጠም ይናገር» አሉ።

«የከፈተው ይንገራት» አለ ይመር።

«የዘጋው ይንገራት» አለ ሙሄ።

ቃሉን ከሟች አፍ የሰማው እንድሪስ ነው። ግን እንዴት ይድገመው? «ሰላምታሽ ደርሶኛል» ብሎ ሲደግምላት «እኔ መቼ ላክሁ?» ትለዋለች። ያንን ካልተናገረ ደግሞ ሩቂያ «እናቴ ተቀይማኝ ሞተች» እንዳለች ትቀራለች።

አውቶቡሱ መናኸሪያ ገባ። ሩቂያ ለእናቷ የገዛችውን ሻርፕ ታቅፋ ወረደች፤ ሦስቱን ስታይ ሳቅ አለችና «እማዬስ?» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ። በሉ እናንተ ፍረዱ፦ በሩን ከዘጋው፣ ከዋሸውና ከከፈተው፣ ወደ ሩቂያ መራመድ ያለበት የትኛው ነው?