የዛሬው ጋዜጣ

መኪና ማጠቢያው አጠገብ ጋዜጣ በግማሽ ሰዓት የሚያከራይ፣ ባለሥልጣን ሲያይ ምላሱ ስለት የሚያወጣ አንድ ሰው ነበር። አንድ ቀን የወረዳው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ አቶ ምንተስኖት መኪናቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጡና፣ እስኪታጠብላቸው ድረስ የዛሬውን የመንግሥት ጋዜጣ እንዲሰጣቸው ጠየቁት። የዛሬው በሰው እጅ ነበር። ሰውየው ከክምሩ ሥር አንድ የቆየ መዝዞ ሰጣቸው፤ ልዩነቱን ያወቀ አንባቢ እስካሁን አልገጠመውም።

ኃላፊው የራሳቸውን ፎቶ ሲያዩ ፊታቸው በራ። በዙሪያቸው ለተቀመጠው አንባቢ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። "የወረዳችን መንገድ በሦስት ወር ውስጥ አስፋልት ይሆናል። ሰማችሁ? እናንተ የፌስቡክ አሉባልታ ስታሳድዱ እውነተኛው ዜና እዚህ ተቀምጦላችኋል።"

"ይቅርታ፣ ቀኑን አይተውታል?" አለ አጠገባቸው የተቀመጠ አንባቢ። ጋዜጣው ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

አቶ ምንተስኖት ጋዜጣውን ጭቃ ላይ ወረወሩት። "ያረጀ ዜና የዛሬ ነው እያልክ ሕዝብ ታሳስታለህ። ወይ አጭበርብሬያለሁ ብለህ እዚሁ ሰው ፊት ታምናለህ፣ ወይ ዛሬውኑ ከዚህ ቦታ ትነሳለህ" አሉት።

ሰውየው ጋዜጣውን አንስቶ በእጅጌው ጠረገው።

"ጌታዬ፣ አስፋልቱ ካለቀ ዜናው አርጅቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ነውና ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። ካላለቀ ግን ዜናው ገና ትኩስ ነው። እኔና እርስዎ ከምንጨቃጨቅ፣ መኪናዎን የሚያጥበውን ሰው እንጠይቀው።"