የልሳነወርቅ የተፋቀ ብራና

በድሮ ዘመን፣ ወረቀት እዚህ አገር ሳይደርስ፣ ልሳነወርቅ የሚባል ጸሐፊ ነበረ። እጁ የተባረከ፣ ልቡ የዋህ፣ ዓይኑ ግን ችኩል ነበረ። ጠጋ በሉ ልጆች፤ የማወራላችሁ ስለዚያ ችኩል ዓይኑ ነው።

ልሳነወርቅ ማንጠግቦሽ የምትባል ሚስት ነበረችው። በጣም ይዋደዱ ነበር። ግን ሥራው ሩቅ ነበር። በጋ ሲገባ መጽሐፍ ሊገለብጥ ከገዳም ገዳም ይዞራል፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳል። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደው እሱ በሌለበት ነው። ማንጠግቦሽ ብቻዋን ወለደች፣ ብቻዋን ቀበረች። አሁን ደግሞ አርግዛለች።

አንድ ቀን ነጋሪት ተጎሰመ። «የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ አርፏል። ቦታውን የሚፈልግ፣ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደሚያውቅ በብራና ጽፎ በፊታችን ቅዳሜ ያምጣ። ንጉሡ ከሰውየው በፊት ጽሑፉን ያያሉ» ተባለ።

ቤተ መንግሥቱ ከደጃቸው ይታያል። «ይህን ሥራ ካገኘሁ ማታ ማታ ቤቴ ነኝ» አለ ልሳነወርቅ። «ምጥ ሲመጣብሽ አጠገብሽ ነኝ።»

ያለችውን አንዲት ብራና አወጣና ጻፈ። አነበበው፤ እንከን የለውም። ደግሞ አነበበው፤ እንከን የለውም። ሦስተኛ አነበበው፤ አሁንም እንከን የለውም።

የለውም እንዴ? አለው እንጂ። ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ነው። ልሳነወርቅ ደግሞ ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሰው ነው፤ አፉ ቀድሞ ይሮጣል፣ ዓይኑ ኋላ ይቀራል።

ዓርብ ከሰዓት ማንጠግቦሽ ሆዷን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «እስቲ ለልጁም አንብብለት» አለችው።

አነበበ፤ እንደ ልማዱ ሽምጥ ጋለበ።

«ኧረ ቀስ በል! ገና ያልተወለደ ልጅ ይህን ሁሉ እንዴት ይሰማዋል? በቁጥር አንብብለት።»

ቁጥር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሕፃናት ንባብ ሲጀምሩ ፊደሉን አንድ በአንድ በስንደዶ እየነኩ፣ እየጮሁ የሚያነቡት ነው። ልሳነወርቅ ሳቀ። «ይህን ሁሉ ጢም አብቅዬ ቁጥር ልቁጠር?»

«ለእኔ ስትል» አለችው።

ለእሷ ሲል ስንደዶ አነሣ። ገና ከመጀመሪያው መስመር ሳይወጣ ስንደዶው ቆመ። ከገዛ ስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ጎድሏል። ወረድ ሲል ከንጉሡም ስም አንድ ፊደል ጎድሏል። ላብ አጠመቀው።

በዚህ መሐል ፈጠነ የሚባል ጎረቤቱ ብቅ አለ። እሱም ጸሐፊ ነው፤ እሱም ሥራውን ይፈልጋል። ብራናውን አየና «ተወው ባክህ» አለ። «ብትፍቀው ይሻክራል፤ የተጠጋገነ ነገር ለንጉሥ ይቀርባል? አንዲት ፊደል ማን ያይልሃል?» ብሎ የራሱን የሚያብረቀርቅ ብራና አሳየውና ሄደ።

ልሳነወርቅ ካራውን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። «ብፍቀው ይንቁኝ ይሆን?» አላት ሚስቱን።

«ያኛው ልጃችን ስም ሳይወጣለት ሄደ» አለች ማንጠግቦሽ። «ይኼኛው ሲመጣ የአባቱን ስም ሙሉውን ያግኝ። ይናቁህ፤ ፋቀው።»

ልሳነወርቅ አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ ፋቀው፤ ፍቆም አስተካክሎ ጻፈው።

ቅዳሜ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ንጉሡ ፊት ቀረቡ። ንጉሡ የፈጠነን ብራና አነሡ። «ያምራል» አሉ። «ስሜ ላይ ግን አንድ ፊደል የለም።»

«ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር ጃንሆይ» አለ ፈጠነ። «እንደ ውሃ ነው የማነበው።»

«እሱን አየሁት። በእኔ ማኅተም ለሚወጣ ደብዳቤ እንዲህ ብትቸኩል የአንዱ ርስት ለሌላው ይሄዳል።» ፈጠነ አንገቱን ደፋ።

የሌሎቹንም አንድ በአንድ አይተው፣ እንከን እያገኙ አስቀመጡና በመጨረሻ የልሳነወርቅን አነሡ። አውራ ጣታቸው የተፋቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ተሳስቼ ነበር ጃንሆይ። ፍቄ አረምኩት።»

«ማን አሳየህ?»

ልሳነወርቅ አፈረ፤ ግን አልዋሸም። «ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ላልተወለደው ልጄ በቁጥር ሳነብለት አየሁት።»

ንጉሡ ጣታቸውን ከሻካራው ቦታ ላይ አላነሡም። «የሌሎቹ ብራና ለስላሳ ነው፤ ስህተቱ ግን እዚያው አለ» አሉ። «ይህ ሰው ተመልሶ አይቷል። ጸሐፊዬ እሱ ነው።»

እንግዲህ ልጆች፣ ነገ አድጋችሁ ሥራ ልትጠይቁ ስማችሁንና ሙያችሁን ስትጽፉ፣ የጻፋችሁትን እንደማያውቅ ሰው ሆናችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። ስህተት ካገኛችሁም ለማረም አትፈሩ። አንተ የምትስቀው፣ አንተም ጭምር።

ልጁስ? ልጁማ ሴት ሆና መጣች። አዋላጇ ከጓዳ ብቅ ብላ «አባቷ የት ነው?» ብትል፣ ልሳነወርቅ ከበሩ ሥር ብድግ አለና «እዚህ ነኝ» አላት።

እኔም አፌን ዘጋሁ፤ የሰማችሁትን ይዛችሁ ግቡ።