ረቡዕን የማያውቀው ኮምፒውተር

«አትማሉ» የሚለውን ቃል ከእናንተ በፊት አንብቤዋለሁ። ስለዚህ አልምልም። መማል ቢፈቀድ ኖሮ ግን በዚህች ታሪክ ላይ ሰባት ጊዜ እምል ነበር፤ ከሰባቱ አንዱ እንኳ አያሳፍረኝም። ቃል አልጨመርኩባትም፣ አልቀነስኩባትም። በዓይኔ በብሌኑ ያየኋት ናት። ምስክር የሚፈልግ ካለ ሴትየዋ ዛሬም በሕይወት አለች፤ መጥታ እዚህ ብትቆም ከእኔ አብልጣ ትነግራችሁ ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሰላሌ፣ አስፋልቱ ዳር። ሥራዋ ወተት መሰብሰብ ነው። በየማለዳው አሥራ ዘጠኝ ቤቶች የላሞቻቸውን ወተት በጀሪካን ያመጡላታል፤ እሷ ለክታ ለፋብሪካው መኪና ታስረክባለች። አሥራ ዘጠኝ ቤት ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ልጁን፣ አማቱን፣ ምራቱን ብደምረው ሦስት መቶ ነፍስ ደረሰልኝ። ላኩ ስትል ይልካሉ፣ ናጡ ስትል ይንጣሉ።

አንድ ደብተር ነበራት። ሽፋኑ የተላጠ፣ ጠርዙ የታጠፈ። ግን ያ ደብተር በወር አልተከፈለም። የተከፈለው በጾምና በፍስክ ነው። የዐቢይ ጾም አንደኛ ሳምንት፦ ስንት ተላከ፣ ስንት ተመለሰ። የፋሲካ ማግሥት፦ ስንት ተላከ፣ ስንት ተመለሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ከእሷ አለፍ ብሎ የገበሬዎች ማኅበር አለ። መካከለኛ ነው። ጊዜው የመረጃ ነው ሲባል ሰምተው እነሱም ኮምፒውተር ገዝተዋል። አንድ። አቧራ እንዳይነካው የጥልፍ ልብስ አልብሰውታል። ከተገዛ ጀምሮ አቧራም አልነካው፣ እጅም አልነካው።

ከሁሉም በላይ ፋብሪካው ነው። የፋብሪካው ኮምፒውተርማ አንድ ፎቅ ይሞላል። ላሟ ስንት እንደምትታለብ ከላሟ በፊት ያውቃል።

የካቲት መግቢያ ላይ፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍስሐጽዮን ታብሌቱን ይዞ መጣ። የማኅበሩንም ሰዎች፣ ሌሎቹን የአካባቢውን ወተት ሰብሳቢዎችም በሴትየዋ ደጅ ሰበሰበ።

«ባለፈው ዓመት ከየካቲት ሃያ ጀምሮ ባለው ሳምንት ከተማው ወተት አጥቶ ነበር። መረጃው ይኸው። ስለዚህ ዘንድሮ በዚያ ሳምንት እጥፍ እንፈልጋለን። ቅቤ የሚንጥ እንዳይኖር፤ ሁሉም ይላክ። እዚህ ላይ ፈርሙ።»

ታብሌቱ ላይ ቀዩ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰማያዊው መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ማን ይከራከረዋል? የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፈረመ። ሰብሳቢዎቹም ተከታትለው ፈረሙ።

እሷ ጋ ሲደርስ ብዕሩን አልተቀበለችም። እምቢ ካለች መኪናው ደጇ መቆሙን ይተዋል። እሺ ብላ ወተቱ ከተመለሰ ደግሞ አሥራ ዘጠኙ ቤት በእሷ ያለቅሳል።

«እትዬ ይታይሽ፣ ምነው ዝም አሉ?» አላት።

«ከመንገድ ነው የመጡት፤ መጀመሪያ ወተት ይጠጡ» ብላ ብርጭቆ ሞልታ አቀረበችለት።

«ኧረ እትዬ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

«እውነትዎን ነው። ለኮምፒውተሩ ነግረውታል?»

«ምኑን?»

«ረቡዕን። ዓርብን። ዐቢይ ጾምን። ባለፈው ዓመት የካቲት ሃያ ፍስክ ነበር። ዘንድሮ ጾሙ በአሥራ ሰባት ይገባል። የጾሙን መግቢያ ሳምንት ደብተሬ ላይ ሃያ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሃያ ሁለቱንም ጊዜ ወተቱ ተመልሷል።»

«ደብተርሽን ከእኛ ሲስተም ጋር ታወዳድሪያለሽ?» አላት። አያችሁ? ከእርስዎ ወደ አንቺ አወረዳት።

«ሲስተሙን የሞላው ማነው?»

«እኛ ነና።»

«እናንተስ ጾመኞች አይደላችሁም?»

ብዕሩን እንደገና ዘረጋላት።

«ትጾማላችሁ፣ ጾሙን ግን አልጻፋችሁትም። እኔ አልፈርምም።»

«መኪናው አይመጣልሽም።»

«እግዜር እግር ሰጥቶኛል።»

ጾሙ ገባ። እሷ አሥራ ዘጠኙን ቤት «ናጡ፤ ቅቤውን ለፋሲካ አስቀምጡ» አለቻቸው። የፈረሙት ግን እጥፍ ላኩ። ወተቱ ከተማ ደረሰ፤ ማን ይጠጣው? ተመለሰ። አንድ ሁለት ጀሪካን መሰላችሁ? አርባ ሺህ ሊትር። ቦዩ ነጣ፣ ወንዙ ነጣ። የሦስት ወረዳ ውሻ ጠጥቶ ሳምንት ሙሉ ሳይጮህ ተኛ።

ወተቱ በተመለሰ ማግሥት አቶ ፍስሐጽዮን ደጇ ቆመ። «እትዬ ይታይሽ፣ እባክዎ ደብተርዎን ያሳዩኝ» አላት። እርስዎም ከነክብሩ ተመለሰ።

ወገኖቼ፣ ኮምፒውተሩ ምን በደለ? የነገሩትን ነው የተናገረው። ሆዳቸው ጾሙን ያውቅ ነበር፤ ጥርሳቸው ያውቅ ነበር። የሚያውቁትን እውነት ውሳኔ በሚሰጡበት ቦታ አላስቀመጡትም። እኛስ? እሑድ እዚህ የምናውቀውን ሰኞ በሥራችን ቦታ እናውቀዋለን? ወይስ ሰኞ ስንገባ ሌላ ሲስተም ነው የምንከፍተው?

አንተ ትልቁ ነጋዴ፣ መረጃ አለኝ ብለህ አትኩራ፤ ምን እንዳልጻፍክ ጠይቅ። አንተ መካከለኛው፣ የጥልፉን ልብስ ግፈፈው፤ መጽሐፍ ቅዱስህንም ሳትገልጥ አልብሰህ አስቀምጠኸዋል፣ አውቅሃለሁ። አንቺ ጉልት የምትቸረችሪ፣ «እኔ ትንሿ ምን እጽፋለሁ» አትበዪ። ዛሬ የተረፈሽን ጻፊ፤ ነገ ይመክርሻል።

ትልቅ ስለሆነ ብቻ ልክ ነኝ የሚል በፊታችሁ ሲቆም እምቢ በሉ። እውነቱ በእጃችሁ ካለ እምቢ በሉ። ብዕሩን ሲዘረጉላችሁ እምቢ በሉ። መኪናው ይቅር። እግር ሰጥቷችኋል። እንደ እትዬ ይታይሽ እምቢ በሉ።

በስብከቴ እዚህ ላይ ስደርስ ከሴቶች ወገን፣ ከዓምዱ ሥር፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይታይሽ እኔ ነኝ። ሰውየው አንቺ ብሎኝ አያውቅም፤ ጨዋ ሰው ነው። ጾሙ ሊገባ ሲል ራሱ ደውሎ ‹ኮምፒውተሩ ግማሽ ብቻ ይበቃል ይላል፤ የቀረውን አስንጪ› አለኝ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ፋብሪካ ስለ ወተት ምን ያውቃል፣ ደግሞስ የከተማ ሰው የት ይጾማል ብዬ፣ አሥራ ዘጠኙንም ቤት ወተቱን ሙሉ አስላክሁ። ወተቱ እውነት ነው፣ ፈሷል። ግን የእኛ ነው፤ ስምንት ጀሪካን። ውሻም አልመጣም፤ አንዲት ድመት ነበረች።»

ሊቀመጡ አሉና ደግሞ ቀና አሉ።

«እምቢ ማለቴስ እውነት ነው፣ ብያለሁ። ደብተር ግን አልነበረኝም። የገዛሁት ወተቱ በፈሰሰ ማግሥት ነው።»